የቪዲዮ ጌም ኮንሶል ዋጋ መቼና ለምን መቀነስ አለበት? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች ጌም የሚወዱ ሰዎች በተገናኙ ቁጥር የሚያነሷቸው ናቸው። ሌላ ካልተባለ በቀር ዋጋዎቹ የአሜሪካ ገበያ ዋጋ ናቸው፤ 299 ወይም 249.99 እየተባሉ የሚለጠፉትን ወደ ሙሉ ቁጥር አጠጋግቻቸዋለሁ። ዓመታቱ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ኮንሶል ሠሪዎች ማሽኑን በኪሳራ ይሸጣሉ ይባላል። እንዴት ያዋጣቸዋል?

ዋናው ገንዘብ ያለው ማሽኑ ላይ ስላልሆነ ነው። አንድ ሰው ፕሌይስቴሽን ገዝቶ ቤቱ ካስገባ በኋላ ነው የሶኒ ገቢ የሚጀምረው። ሌሎች ድርጅቶች የሠሩት ጌም በተሸጠ ቁጥር ሶኒ ድርሻውን ይወስዳል፤ ከራሱ የኢንተርኔት መደብር ከሚሸጠው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ 30 በመቶ ይቆርጣል። በዚያ ላይ የራሱ ጌሞች፣ ወርሃዊ ክፍያና ተጨማሪ ጆይስቲክ አሉ። ማሽኑ ላይ 50 ዶላር የከሰረ አምራች ደንበኛው ጥቂት ጌሞች እስኪገዛ ቢታገሥ ገንዘቡ ይመለስለታል።

በ2021 ጌም ሠሪው ኤፒክና አፕል ፍርድ ቤት ሲካሰሱ የማይክሮሶፍት ኃላፊ ሎሪ ራይት ለምስክርነት ቀርበው፣ ኩባንያው ከኤክስቦክስ ማሽን ሽያጭ ራሱ አትርፎ እንደማያውቅ ተናግረዋል። ያ ሁሉ ዓመት የተሠራው ከማሽኑ በኋላ በሚመጣው ገቢ ነው ማለት ነው።

ይህ ሥርዓት ከሌለ ምን እንደሚሆን በ1993 በወጣው ስሪዲኦ በተባለ ኮንሶል ታይቷል። ንድፉን ያወጣው ኩባንያ ማሽኑን ራሱ አላመረተም፤ እንደ ፓናሶኒክ ላሉ ድርጅቶች ፈቃድ ሰጠ። ፓናሶኒክ ከጌሙ ሽያጭ የሚያገኘው ነገር ስላልነበረ ትርፉን ከማሽኑ ማውጣት ነበረበት፤ ስለዚህ ዋጋው 700 ዶላር ሆነ። በዚያን ዘመን 700 ዶላር አውጥቶ ለልጁ የሚገዛ ወላጅ ከየት ይመጣል?

ታዲያ ትክክለኛው የቅናሽ ጊዜ መቼ ነው?

ኮንሶል ሲወጣ መጀመሪያ የሚገዙት ለሊቱን ተሰልፈው የሚጠብቁት ናቸው። ለእነሱ 500 ሆነ 450 ያን ያህል አያስጨንቃቸውም። ከእነሱ ጀርባ ያለው ሕዝብ ግን ብዙ ነው፤ የቤት ኪራይ ከፍሎ፣ የልጆች ልብስ ገዝቶ የተረፈውን የሚቆጥር ነው። የመጀመሪያዎቹ ገዝተው መጨረሳቸው የሚታወቀው ማሽኑ መደርደሪያ ላይ ማደር ሲጀምር ነው። ጊዜው ያኔ ነው። የሽያጩ ቁጥር ወድቆ፣ ጌም ሠሪዎች «ይሄ ማሽን ሞቷል» ብለው ፊታቸውን እስኪያዞሩ መጠበቅ የለበትም።

ብዙ ጊዜ የሚረሳው ሌላው ጉዳይ ከቅናሹ በኋላ ምን ጌም ይመጣል የሚለው ነው። ዋጋ ሲቀነስ ሰው ወደ መደብሩ ይመጣል፤ እዚያ ደርሶ የሚጫወተው ካጣ ይመለሳል፣ ሁለተኛ ደግሞ አይመጣም። ስለዚህ ቅናሹ ትልልቆቹ ጌሞች ሊወጡ ሁለት ሦስት ወር ሲቀራቸው ቢሆን ይመረጣል። የአሜሪካ ገበያ ደግሞ ኖቬምበርና ዲሴምበር ላይ ስለሚሞቅ፣ ከሜይ እስከ ሴፕቴምበር ባለው ጊዜ የሚደረግ ቅናሽ ወሬው ተዳርሶ፣ ዕቃው ተጭኖ፣ ለበዓሉ በሰዓቱ ይደርሳል።

ፕሌይስቴሽን 2 ይህን አካሄድ እንደ መማሪያ መጽሐፍ ያሳያል። በኦክቶበር 2000 በ300 ዶላር ወጣ። በሜይ 2002 በአንድ ጊዜ ወደ 200 ወረደ፤ ያኔ ሶኒ ገበያውን እየመራ ነበር እንጂ እየተሸነፈ አልነበረም። ማይክሮሶፍት ኤክስቦክስን በማግስቱ ወደ 200 አወረደ፤ ኒንቴንዶም ብዙ ሳይቆይ ጌምኪዩብን 150 አደረገው። ተፎካካሪዎቹ ስድስት ወር ገደማ ብቻ የቆዩ አዳዲስ ማሽኖች ይዘው፣ ወጪያቸው ገና ሳይወርድ፣ ሳይወዱ በግድ ተከተሉ። ከዚያም ፕሌይስቴሽን 2 በ2004 150፣ በ2006 130፣ በኤፕሪል 2009 100 ዶላር ገባ። በመጨረሻ 160 ሚሊዮን ገደማ ተሸጧል። ከሱ የበለጠ የተሸጠ ኮንሶል እስካሁን አላየንም።

መጀመሪያውኑ በርካሽ መጀመር አይሻልም?

ከተቻለማ ይሻላል። በሜይ 1995 ሎስ አንጀለስ በተካሄደው የጌም ኤግዚቢሽን ኮንሶል ሠሪው ሴጋ አዲሱን ማሽኑን ሳተርንን በ400 ዶላር ከዚያው ቀን ጀምሮ እንደሚሸጥ አስታወቀ። ቀጥሎ የሶኒው ስቲቭ ሬስ መድረክ ላይ ወጥቶ የፕሌይስቴሽንን ዋጋ «299» ብሎ ወረደ። በኋላ ሁለቱም ወደ 200 ሲወርዱ፣ ኒንቴንዶ በ250 ሊያወጣው ያሰበውን ኒንቴንዶ 64 ገና ሳይወጣ 200 ለማድረግ ተገደደ። በ2013ም ታሪኩ ተደገመ፤ ፕሌይስቴሽን 4 በ400፣ ኤክስቦክስ ዋን በ500።

የሳተርን ጣጣ ግን የመነሻ ዋጋው ብቻ አልነበረም፤ እኔ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ሳተርን ሁለት ዋና ፕሮሰሰሮችና ብዙ የተለያዩ ቺፖች የተሰካኩበት ማሽን ነበር። የፕሌይስቴሽን ንድፍ ቀለል ያለና ቺፖቹን ከጊዜ ወደ ጊዜ ለማዋሃድ የሚመች ስለነበር፣ ሶኒ ዋጋ በቀነሰ ቁጥር ወጪውም አብሮ ይወርድለት ነበር። ሴጋ ግን ሶኒን ለመከተል በቀነሰ ቁጥር ከኪሱ ይከፍላል። ከዓመታት በኋላ ስንት ዶላር መቀነስ እንደሚቻል የሚወሰነው መሐንዲሶቹ ቦርዱን ሲነድፉ ነው። የሽያጭ ክፍሉ ስብሰባ ላይ ሲደርስማ ነገሩ አልቋል።

ፕሌይስቴሽን 3ም ተመሳሳይ ችግር ነበረበት። በ2006 ሲወጣ ትልቁ ሞዴል 600 ዶላር ይሸጥ ነበር፤ አይሰፕላይ የተባለው የገበያ ጥናት ድርጅት ውስጡን ፈትቶ ሲያሰላ ወጪውን 840 ዶላር አካባቢ ገመተው። ብሉሬይ ማጫወቻውም ሴል የሚባለው ፕሮሰሰርም ውድ ነበሩ። ሶኒ 300 ዶላር ለመድረስ እስከ ኦገስት 2009 ድረስ ማለትም ቀጭኑ ሞዴል እስኪታወጅ መጠበቅ ነበረበት። ቀጭኑ በወጣ በሦስት ሳምንት ውስጥ በዓለም ዙሪያ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ተሸጠ። ፈላጊው ድሮም ነበረ፤ የሚጠብቀው ዋጋውን ነበር።

የኒንቴንዶ 3ዲኤስ ቅናሽ ለምን ሁልጊዜ ይጠቀሳል?

ምክንያቱም አንድ ኩባንያ ተሳስቷል ብሎ በአደባባይ ሲያምን፣ ሲከፍልና ሲድን በአንድ ላይ የታየበት ስለሆነ ነው። በእጅ የሚያዘው 3ዲኤስ በማርች 2011 አሜሪካ ውስጥ በ250 ዶላር ወጣ። መነሻው ጥሩ ይመስል ነበር። ከኤፕሪል እስከ ጁን ባሉት ሦስት ወራት ግን በዓለም ዙሪያ የተሸጠው 710 ሺህ ብቻ ሆነ። ጌሞቹ ጥቂት ነበሩ፤ ያለ መነጽር የሚታየው ባለ ሦስት አቅጣጫ ምስልም ለብዙ ሰው 250 ዶላር የሚያስወጣ ምክንያት አልሆነም።

ኒንቴንዶ ጁላይ 28 ላይ ውሳኔውን ተናገረ፤ ከኦገስት 12 ጀምሮ 170 ዶላር። ጃፓን ውስጥ ከ25 ሺህ የን ወደ 15 ሺህ የን። አሥር አሥር ዶላር እየቆነጠረ ዓመት ሙሉ ሰውን ሊያስጠብቅ ይችል ነበር፤ አላደረገውም። አንዴ ቆረጠው፣ ሰውም «ከዚህ በታች አይወርድም፣ ልግዛ» አለ። ፕሬዚዳንቱ ሳቶሩ ኢዋታ ደግሞ የራሳቸውን ደመወዝ በግማሽ ቀነሱ፤ ሌሎቹም የቦርድ አባላት ከደመወዛቸው አስቀነሱ።

ቅናሹ ብቻውን አልመጣም። ኖቬምበር ላይ ሱፐር ማሪዮ 3ዲ ላንድ፣ ዲሴምበር ላይ ማሪዮ ካርት 7 ወጡ። ማሽኑ ከወጪው በታች እየተሸጠ ስለነበርና የየን ምንዛሪም ስለጠነከረ ኒንቴንዶ የዚያን የበጀት ዓመት ሒሳብ በ43 ቢሊዮን የን ገደማ ኪሳራ ዘጋ። በቀጣዩ ዓመት አጋማሽ ላይ ግን ወጪው ወርዶ ማሽኑን በኪሳራ መሸጥ አቆመ። 3ዲኤስ ዕድሜውን ሲጨርስ 76 ሚሊዮን ገደማ ተሸጦ ነበር። ቀጥሎ የመጣው የቤት ኮንሶሉ ዊ ዩ 13.56 ሚሊዮን ላይ ሲቀር፣ ኒንቴንዶን በእነዚያ የችግር ዓመታት አቅፎ ያቆየው ይኸው ሊሞት ነው የተባለው ማሽን ነው።

ቅናሹ ከመምጣቱ በፊት በሙሉ ዋጋ የገዛው ሰውስ?

እሱን መርሳት ትልቅ በደል ነው። በኩባንያው አምኖ ቀድሞ የገባ፣ ለጓደኞቹ እያሳየ ያስተዋወቀ ሰው ነው። ኒንቴንዶ በ2011 ከቅናሹ በፊት 3ዲኤሳቸውን ከኢንተርኔት መደብሩ ጋር ላገናኙ ደንበኞች 20 የቆዩ ጌሞች በነፃ ሰጠ፤ አሥሩ ኤንኢኤስ የተባለው የድሮው የኒንቴንዶ ኮንሶል ጌሞች፣ አሥሩ በእጅ የሚያዘው የጌምቦይ አድቫንስ። የጌምቦይ አድቫንሶቹን ደግሞ ከዚያ በኋላ በ3ዲኤስ ለማንም አልሸጣቸውም፤ የእነዚያ ሰዎች ብቻ ሆነው ቀሩ። አፕልም በ2007 የመጀመሪያውን አይፎን በወጣ በሁለት ወር ገደማ 200 ዶላር ሲቀንስ፣ ቀድመው የገዙት ስለተቆጡ የ100 ዶላር መግዣ ሰጥቷቸዋል። ጥሬ ገንዘብ መመለስ ግዴታ አይደለም፤ ግን አንድ ነገር መስጠት ተገቢ ነው።

ዋጋ ተቀንሶም ያልዳነ ማሽን አለ?

ብዙ አለ። የሴጋ ድሪምካስት በሴፕቴምበር 1999 በ200 ዶላር ወጥቶ በዓመቱ 150 ሆነ። ጥሩ ማሽን ነበር፤ ዋጋውም ፕሌይስቴሽን 2 ይሸጥ ከነበረበት ግማሽ ነው። ነገር ግን ሴጋ በሳተርን ጊዜ ገንዘቡንም የገዢውንም እምነት ጨርሶ ነበር፤ የስፖርት ጌሞችን ገበያ የያዘው ኤሌክትሮኒክ አርትስ ለድሪምካስት አንድም ጌም አልሠራም፤ ሰው ደግሞ ዲቪዲ የሚያጫውተውን ፕሌይስቴሽን 2 እየጠበቀ ነበር። በጃንዋሪ 2001 መጨረሻ ሴጋ ማምረት እንደሚያቆም አስታወቀ። ከዚያ በኋላ የመጣው የ100 ዶላር ዋጋ መጋዘን ለማጽዳት ነበር።

ጌምኪዩብ በሴፕቴምበር 2003 100 ዶላር ሲሆን አሜሪካ ውስጥ ሽያጩ በግልጽ ተነቃቅቷል። ሆኖም ቅናሹ የመጣው ኒንቴንዶ የተከማቸው ዕቃ እስኪወጣለት ለወራት ማምረት ካቆመ በኋላ ነው፤ ከጌም ሠሪዎቹም አንዳንዶቹ ቀድመው ፊታቸውን አዙረዋል። ዊ ዩ በ2013 50 ዶላር ሲቀነስለት ደግሞ ችግሩ ዋጋው አልነበረም፤ ብዙ ወላጆች አዲስ ኮንሶል ይሁን ለአሮጌው የዊ ኮንሶል የሚገጠም ዕቃ ይሁን እንኳ አልገባቸውም ነበር።

ዋጋ መቀነስ ስህተት የሚሆነው መቼ ነው?

ዕቃው ከገበያ ሲጠፋ። ዊ በ2006 በ250 ዶላር ወጥቶ እስከ ሴፕቴምበር 2009 ድረስ ምንም አልተቀነሰም፤ ሰው እየተሻማ ሲገዛው ለምን ይቀንሳል? ፕሌይስቴሽን 5 በወጣባቸው የመጀመሪያ ዓመታት ነጋዴ እየለቀመ በእጥፍ ሲቸበችበው ሶኒ ዋጋ ቢቀንስ ኖሮ ልዩነቱ የሚገባው ቸብቻቢው ኪስ ነበር።

ዋጋውን ከመንካት ይልቅ አንድ ነገር አጉድሎ አነስተኛ ሞዴል ማውጣትስ?

የሚጎድለው ምንድን ነው የሚለው ይወስነዋል። ማይክሮሶፍት በጁን 2014 ኪኔክት የሚባለውን ካሜራ አውጥቶ ኤክስቦክስ ዋንን በ400 ሲሸጥ፣ የአሜሪካ ሽያጩ ከቀደመው ወር ከእጥፍ በላይ እንደሆነ ተናግሯል። ካሜራውን ብዙም የፈለገው ሰው አልነበረም። ሶኒ በ2007 ያወጣው የ400 ዶላሩ ፕሌይስቴሽን 3 ግን የፕሌይስቴሽን 2 ጌሞችን ማጫወት አይችልም ነበር። መደርደሪያ ሙሉ ዲስክ የሰበሰበ ታማኝ ደንበኛ ያንን ሲሰማ ምን እንደሚሰማው ማሰብ ነው።

ቅናሽ እስኪታወጅ ለምን በምስጢር ይያዛል?

ቀድሞ ከተሰማ መግዛት ይቆማል። መደብሮችም በአሮጌው ዋጋ የገዙት ዕቃ እጃቸው ላይ ስለሚኖር፣ አምራቹ ብዙ ጊዜ ልዩነቱን ይከፍላቸዋል። ካልከፈለ በሚቀጥለው ጊዜ ዕቃውን በድፍረት አያዙለትም።

አሁን ለምን ከመቀነስ ይልቅ ይጨምራል?

ይህ የሚያሳዝን ዘመን ነው፤ አሳምሬ ልናገረው አልችልም። ሶኒ በኦገስት 2022 ፕሌይስቴሽን 5ን በአውሮፓ ከ500 ወደ 550 ዩሮ አወጣ፤ እንግሊዝና ጃፓንም ጨመረ። በኦገስት 2025 አሜሪካም ተራዋ ደርሶ 50 ዶላር ተጨመረባት። ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤስ፣ የድሃ ልጅ በር ተብሎ በ300 ዶላር የወጣው፣ በ2025 ሁለት ጊዜ ተጨምሮበት 400 ደረሰ። ስምንት ዓመት ያለፈው ኒንቴንዶ ስዊች እንኳ በዚያው ዓመት ከ300 ወደ 340 ወጣ።

ከምክንያቶቹ ዋነኛው የቺፕ ነገር ነው። ድሮ ቺፕ በየጊዜው እየጠበበ ሲሄድ ዋጋውም በዚያው ልክ ይወርድ ነበር፤ ፕሌይስቴሽን 2ን 100 ዶላር ያደረሰው ሁለቱ ዋና ቺፖች አንድ ሆነው መሠራታቸው ነው። አሁን ቺፑን ማጥበብ ይቻላል፣ ግን እያንዳንዱ አዲስ ደረጃ እጅግ ውድ ስለሆነ ቁጠባው እምብዛም ነው። በ2025 ደግሞ አሜሪካ ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ የጣለችው ቀረጥ መጣ፤ በዓመቱ መጨረሻም የሰው ሠራሽ አስተውሎት ማዕከላት ሚሞሪውን እየጠረጉ ስለወሰዱት ዋጋው ተሰቀለ።

ይህ ሁሉ እውነት ነው። ይሁንና ሶኒ በኦገስት 2021 የ500 ዶላሩ ፕሌይስቴሽን 5 በኪሳራ መሸጡ እንደቆመ ተናግሮ ነበር። ያኔ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ገዢ ከፊቱ ነበረው። ዛሬ የሦስቱም ኩባንያዎች ትኩረት ያለው ደንበኛ ላይ ተጨማሪ መቁረጥ ላይ ይመስለኛል፤ አዲስ ልጅ ማስገባት ላይ አይደለም። ፕሌይስቴሽን 2ን በ130 ዶላር ያገኘ የአሥር ዓመት ልጅ ዛሬ ሠላሳ ሊደርስ ነው፤ ለራሱም ለልጁም ጌም የሚገዛው እሱ ነው። ዛሬ አሥር ዓመት የሆነውና ስልክ ላይ ነፃ ጌም የሚጫወተው ልጅ ነገ 500 ዶላር አውጥቶ ኮንሶል የሚገዛበት ምን ትዝታ ይኖረዋል?

እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?

ቢያንስ አንድ ሞዴል ከ250 ዶላር በታች አቆይ ነበር፤ ኪሳራ ቢኖርበትም። አዲስ ማሽን ሲነደፍ «በአራተኛው ዓመት በስንት ይሸጣል?» የሚለው ጥያቄ ገና ከመጀመሪያው ቀን ጠረጴዛ ላይ እንዲቀርብ አደርግ ነበር። ዋጋ ስቀንስም እንደ ኒንቴንዶ በአንድ ጊዜና በደንብ እቀንሳለሁ። ጥቁሩ አርብ የሚባለው የኖቬምበር መጨረሻ የቅናሽ ቀን ሲደርስ ለአሥር ቀን ብቻ 50 ዶላር አውርዶ መልሶ መስቀል ሰውን ቅናሽ መጠበቅ ያስለምደዋል፤ በቀሩት አሥራ አንድ ወራት ገበያውን ያደርቃል።

የአሜሪካ ቅናሽ አዲስ አበባ ይደርሳል?

ዘግይቶ፣ ተሸራርፎ ይደርሳል። ሶኒ ኢትዮጵያን ከሚያገለግላቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ስላላስገባት እኛ ጋ ሰው አካውንቱን በአሜሪካ ወይም በሌላ አገር ስም ነው የሚከፍተው። ማሽኑም በዘመድ ሻንጣ ወይም በዱባይ ነጋዴ በኩል ይመጣል፤ ዋጋው የሚያድረው በዶላሩ ምንዛሪ ላይ ነው። በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 2016 ብር በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ የባንኩ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ። የ500 ዶላር ማሽን ቀረጥና የነጋዴ ትርፍ ሳይጨመርበት ከ29 ሺህ ብር በታች የነበረው ከ50 ሺህ በላይ ሆነ ማለት ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ ሶኒ 50 ዶላር ቢቀንስ ማን ያየዋል?

ቅናሹ እኛን የሚጠቅመን በሌላ በኩል ነው። አሜሪካ ውስጥ አዲሱ ሲረክስ አሮጌው ከዚያም ይረክሳል፤ ያ አሮጌ ነው ሰፈር ያለውን ፕሌይስቴሽን ቤት የሚሞላው። እዚያ ሁለት ልጆች አንድ አግዳሚ ላይ ተጠጋግተው፣ ላስቲኩ ተላልጦ ፕላስቲኩ የቀረ ጆይስቲክ ይዘው፣ በጨዋታ እየከፈሉ ኳስ ይጫወታሉ። ባለቤቱ ማሽኑን በስንት ጨዋታ እንደሚመልስ በቃሉ ያሰላል። ማሽኑ ሲወደድ የአንዱ ጨዋታ ሒሳብ ይጨምራል፤ የሚከፍሉት እነዚያ ልጆች ናቸው።

አሁን ልግዛ ወይስ ቅናሽ ልጠብቅ?

ልትጫወተው የምትፈልገው ጌም ዛሬ ካለና ገንዘቡ ካለህ ግዛ። ያለፉት ዓመታት የጠበቀውን አልካሱትም፤ በ2021 የተገዛ ፕሌይስቴሽን 5 ዛሬ ከሚገዛው ይረክስ ነበር። ያለኸው ውጭ አገር ከሆነና መጠበቅ ከቻልክ የኖቬምበር መጨረሻ ሳምንትን እይ፤ አምራቹ ራሱ አድሶ ዋስትና የሰጠበት ማሽንም ጥሩ አማራጭ ነው። ወደ አገር ቤት የምትልከው ከሆነ ግን ከመክፈልህ በፊት ከማሽኑ ጀርባ ወይም ከቻርጀሩ ላይ የተጻፈውን አንብብ፤ «100-240» የሚል ከሆነ በቀጥታ ይሰካል። በ110 ወይም 120 ብቻ የሚሠራ አሮጌ የአሜሪካ ማሽን ከሆነ የቮልቴጅ መቀነሻ አብረህ ካልላክህለት አገር ቤት በተሰካበት ቅጽበት ይቃጠላል።